ስም አለው፣ መቃብር የለውም



አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በወጣቶች ትምህርት ላይ ስለ ትንሣኤ አስተምሬ ጨረስኩ። ሁሉም ሲበተን አንዲት እህታችን ወደ ኋላ ቀረች። ወንድሟ በጦርነቱ ጊዜ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ከብዙ ወራት በኋላ አብሮት የነበረ ልጅ ለቤተሰቡ ቃል ላከ። ሽማግሌዎች ማልደው መጥተው መርዶውን ነገሩ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ተለቀሰ። አስከሬን ግን አልመጣም። የት እንደተቀበረ፣ ከነጭራሹ መቀበሩንም ቢሆን የሚያውቅ ሰው የለም።

“ጋሼ፣” አለችኝ፣ “ጎረቤቶቻችን ‘ተዝካሩ መቼ ነው?’ ብለው ይጠይቁናል። እኛ ተዝካር አናወጣም እንላቸዋለን። እሺ፣ አናወጣም። ታዲያ እኛ ምንድን ነው የምናደርገው? ሄጄ የምቆምበት መቃብር እንኳ የለኝም።”

የመጀመሪያ ሐሳቤ “አይዞሽ፣ ጌታ ያውቀዋል” ብዬ መሸኘት ነበር። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን የጥያቄዋ መልስ አልነበረም። እሷ የጠየቀችኝ ጌታ ምን እንደሚያውቅ ሳይሆን እኛ ምን እንደምናደርግ ነው። ስለዚህ “ጊዜ ስጪኝ” አልኳት። ቤቴ ገብቼ የአገራችንን ታሪክ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ጎን ለጎን ማገላበጥ ያዝኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ መልስ ነው። ለእሷ ብቻ የሚሆን መስሎኝ ጀመርኩት፤ ስጨርሰው ግን በየቤቱ ተመሳሳይ ጥያቄ የተሸከማችሁ ብዙዎች መሆናችሁን አስተዋልኩ።

መቃብር ያላቸው፣ ስም የሌላቸው

እኛ የላስታ ልጆች ከሙታን ጋር አብረን ያደግን ሰዎች ነን። ቤተ ጊዮርጊስን ለማየት ወደ ጉድጓዱ የወረደ ሰው በዙሪያው ባለው የዓለት ግድግዳ ላይ ትንንሽ ፍልፍሎችን ያያል፤ በውስጣቸው የደረቀ የሰው አጽም አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጎን ወዳለው ወደ ይምርሃነ ክርስቶስ ዋሻ የሄዳችሁ ደግሞ ከሕንጻው ጀርባ ተከምሮ ያለውን አይታችኋል። ሕንጻው ከላሊበላ በፊት የነገሠው የዛግዌ ንጉሥ ሥራ ነው። ከኋላው ያለው የአጽም ክምር ግን ስም የለውም። ከሩቅ የመጡ ተሳላሚዎች ናቸው የሚል አለ፤ ሠራተኞች ነበሩ የሚልም አለ። የአንዳቸውንም ስም የሚጠራ ሰው ግን የለም።

እነዚህ ሰዎች መቃብር አላቸው፣ ስም የላቸውም። የእህታችን ወንድም ስም አለው፣ መቃብር የለውም። ከሁለቱ የትኛው ይከብዳል? እኔ በበኩሌ ለሟቹ ልዩነት ያለው አይመስለኝም፤ ለቀሪው ግን አለው። ስም ያለው መቃብር የሌለው ሰው በቤተሰቡ ውስጥ ሁልጊዜ ያልተዘጋ በር ሆኖ ይኖራል። ቋንቋችንም ይህን ያውቃል። ከዘመቻ ስላልተመለሰ ሰው ስንናገር “ሞተ” ለማለት አፋችን ይከብዳል፤ “ማይጨው ቀረ”፣ “እዚያው ቀረ” እንላለን። “ቀረ” የሚለው ቃል ግማሽ ተስፋ አለበት፤ የቀረ ሰው አንድ ቀን ሊመጣ ይችላልና። እናት በሩን በሙሉ ልብ የማትዘጋው ለዚህ ነው።

በማይጨው የቀሩት

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። የክተት ነጋሪት ተመታ። ከየአውራጃው የተጠራው ሰው ስንቁን ቋጥሮ፣ ያገኘውን መሣሪያ ይዞ ወደ ሰሜን ዘመተ። ከክብር ዘበኛው በቀር አብዛኛው የዛሬ ዓይነት ወታደር አልነበረም። በሶና ዳቦ ቆሎ የያዘ፣ ከአገሩ አለቃ ኋላ የተሰለፈ ገበሬ ነበር። ብዙው እንደ እናንተ ወጣት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ ሠራዊት የዘማቾቹ ስም በአንድነት የሰፈረበት መዝገብ አልነበረውም። በአንገቱ ላይ ስሙ የተቀረጸበት ብረት ያንጠለጠለ ዘማች አልነበረም። የአንድን ወጣት ስም የሚያውቁት የጦር አለቃውና ከአንድ መንደር አብረውት የወጡ ባልንጀሮቹ ናቸው። አለቃው ከወደቀ፣ ባልንጀሮቹም ከወደቁ፣ የወጣቱን ስም ከሬሳው ጋር የሚያገናኝ ሰው አይኖርም። መዝገቡ የሰው ልብ ነበር፤ ልቡ ሲቆም መዝገቡም አብሮ ጠፋ።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎህ ሳይቀድ በማይጨው ውጊያው ተከፈተ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተገኝተው ነበር። ክብር ዘበኛው በቀን ብርሃን በመትረየስና በመድፍ ፊት ደጋግሞ ወደ ምሽጉ ወጣ፤ ከበላዩ አውሮፕላን ነበር። ሲመሽ ምሽጉ አልተያዘም፤ ሜዳው ግን በሬሳ ተሞልቶ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ መጋቢት 26 ወደ ኋላ የሚያፈገፍገው ሠራዊት በሐሸንጌ ሐይቅ አካባቢ ሳለ አውሮፕላኖች ቦምብና የመርዝ ጭስ አወረዱበት። መርዙ ቆዳን የሚልጥ፣ ዓይንን የሚያሳውር፣ ውኃን የሚመርዝ ነው። የጥም ሰው ወደ ሐይቁ ይሮጣል፤ ሐይቁ ዳር ይወድቃል። ኢጣሊያ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ላለመጠቀም በ1925 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ ከፈረሙት አገሮች አንዷ ነበረች።

የወደቁት በሺዎች ናቸው። ማን ይቀብራቸው? የተረፈው ሰው እየሸሸ ነው። ሌሊት ተጉዞ ቀን በዋሻና በጫካ ይደበቃል። የባልንጀራውን ሬሳ ተሸክሞ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ለመድረስ የሚችል አልነበረም። ከላስታ፣ ከዋግ፣ ከየጁ፣ ከሸዋ፣ ከሲዳሞ የመጡ ልጆች በአንድ ሜዳ ላይ ቀሩ። ዝናብ መጣ፣ ሣር በቀለ፣ በኋላም መሬቱ ታረሰ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በስንት ቤት “አያታችን ማይጨው ቀረ” እንደተባለ ቁጠሩ። ያ ቃል ለብዙው ሰው መቃብሩም የመቃብሩ ድንጋይም ሆኖ ኖሯል።

ጦርነቱ ወደ ላስታ ሲመጣ

ከሽንፈቱ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ መንገዳቸውን ወደ ላሊበላ አጠፉ። ጠላት በደሴ በኩል እየገሠገሠ ነበር፤ በመዘግየታቸው ሊያዙ ይችሉ ነበር። ቢሆንም እዚህ ቆይተው ጸለዩ። ያ የተሰበረ ሠራዊት፣ ቁስለኛውና ረሃብተኛው፣ በእነዚህ በምናውቃቸው ሸንተረሮች ውስጥ እየተንጠባጠበ አለፈ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ አዲስ አበባ ገባ።

ጦርነቱ ግን በዚያ ቀን አላበቃም። ከልዑል ራስ ካሳ ልጆች የመጀመሪያው ደጃዝማች ወንድወሰን ካሳ በላስታ ተራሮች ቆይቶ መዋጋቱን ቀጠለ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ተያዘ፤ ወዲያውም ተረሸነ። በ30ዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው ነበር፤ ይህን ጽሑፍ ከሚጽፍላችሁ ሰው ጋር እኩያ መሆኑ ነው። በዚያው ወር ወንድሞቹ ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋወሰን ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው በፍቼ እጃቸውን ሰጡ፤ እነሱም ተገደሉ። አንድ አባት በአንድ ወር ሦስት ልጅ አጣ። ያኔ አባትየው በስደት ነበር፤ ሊቀብራቸው አልቻለም።

ቀጥሎ ደግሞ የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ተነሣ። በ1929 ክረምት በዋግና በላስታ የተቀጣጠለውን አመጽ መራ። በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተገደለ፤ ራሱ ተቆርጦ ሕዝብ እንዲያየው አደባባይ ላይ ቆመ። ጠላት ይህን ያደረገው ለማስፈራራት ብቻ አይመስለኝም። ለሟቹ የሚገባውን ቀብር መንፈግ ቀሪውን ሕዝብ መቅጣት መሆኑን ያውቅ ነበር።

እነዚህ ስማቸውን ያነሣሁላችሁ መኳንንት ናቸው፤ ስማቸው በመጽሐፍ ገብቷል። ከደጃዝማች ኃይሉ ኋላ የተሰለፈው፣ ስንቁን የተሸከመው፣ በቅሎውን የሳበው የ18 ዓመት ልጅስ? እሱም አባት ነበረው፤ እሱንም ያጠባች እናት ነበረች። ታሪክ ጸሐፊው “ከነተከታዮቹ” ብሎ ሲያልፍ በዚያች በአንዲት ቃል ውስጥ የተቀበሩትን አስቡ።

የአንዲት ኢጣሊያዊት እናት ነገር

አሁን ትንሽ ራቅ ብለን እንሂድ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውሮፓ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ እናቶች የእህታችንን ጥያቄ ይጠይቁ ነበር። መድፉ ሰውን ብቻ አይደለም፣ መቃብርንም ያጠፋ ነበርና። በፈረንሳይ ቲየፕቫል በተባለ ስፍራ በቆመው ሐውልት ላይ ብቻ መቃብራቸው ያልታወቀ ከ72,000 በላይ ወታደሮች ስም ተቀርጿል። እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1920 እ.ኤ.አ. ማንነቱ ያልታወቀ አንድ አንድ ወታደር ከጦር ሜዳ አውጥተው በታላቅ ክብር ቀበሩ። ልጇን ያጣች ሴት ሁሉ “ምናልባት የኔ ይሆናል” ብላ እንድትቆምበት ነው።

ኢጣሊያም በዓመቱ እንዲሁ አደረገች። ስማቸው ያልታወቀ የ11 ወታደሮች ሬሳ በ11 ሣጥን ሆኖ አኩዊሌያ በሚባል ከተማ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተደረደረ። ከመካከላቸው አንዱን እንድትመርጥ ማሪያ ቤርጋማስ የምትባል እናት ተጠራች። ልጇ አንቶኒዮ በ1916 እ.ኤ.አ. ተገድሎ ነበር፤ የተቀበረበትም ስፍራ በመድፍ ታርሶ ጠፍቶ ነበር። ጥቅምት 28 ቀን 1921 እ.ኤ.አ. ያቺ እናት በሣጥኖቹ ፊት እየተራመደች ሄዳ አሥረኛው ዘንድ ስትደርስ ወደቀች። ያ ሣጥን በባቡር ወደ ሮም ተወሰደ። በመንገዱ ሁሉ ሕዝቡ በሐዲዱ ዳር ተንበርክኮ ጠበቀው።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ መጽሐፉን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ልጇን ያላገኘች እናት ምን እንደምትሸከም በዚያ ልክ የተረዳ መንግሥት ከ14 ዓመት በኋላ በሐሸንጌ ሐይቅ ላይ መርዝ አዘነበ። ለራሱ እናት ያዘነውን ያህል ለወሎ እናት አላዘነም። ወጣቶች፣ ይህን የምነግራችሁ ኢጣሊያን እንድትጠሉ አይደለም። ለራስ ወገን ሙታን ማልቀስና የሰውን ልጅ ማክበር አንድ ነገር አለመሆኑን እንድታዩ ነው። የፊተኛውን ማንም ያደርገዋል። የኋለኛው ነው የሚከብደው።

ሙታኑን ያልተወ ሻለቃ፣ አጽም የፈለገች አገር

በታሪካችን ደግሞ የሚያኮራ ምዕራፍም አለ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከ120 በላይ ልጆቹን በዚያ አጥቷል። ነገር ግን አንድ ምርኮኛ ለጠላት አልሰጠም፤ ሬሳም በጠላት እጅ አልተወም ይባልለታል። ሙታኑን ለማውጣት ሌላ ነፍስ ለአደጋ ማጋለጥ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እነዚያ ወታደሮች በማይጨው የሆነውን የሰሙ ናቸው፤ አንዳንዶቹም አባታቸው እዚያ የቀረ ሊሆን ይችላል።

በራሳችን እጅ የሆነውም አለ። ከራስ ካሳ ልጆች ከኢጣሊያ ሰይፍ የተረፈው ልዑል ራስ አሥራተ ካሳ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በደርግ ትእዛዝ ያለ ፍርድ ከተረሸኑት 60 ሰዎች አንዱ ሆነ። በአንድ ጉድጓድ ተጣሉ። ቤተሰቦቻቸው ከ17 ዓመት በላይ ሐዘናቸውን አፍነው ኖሩ፤ አጽሙ ወጥቶ በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ያን ያህል ዓመት አልፎም ቤተሰቡ አጽም ተቀብሎ አለቀሰ። ሐዘን ቀጠሮውን እንደማይረሳ ከዚህ እንማራለን።

በዘመናችን

ቀሪውን እናንተው ታውቁታላችሁ፤ በዓይናችሁ አይታችኋልና። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ። እስከ 2014 ታኅሣሥ ድረስ ከተማችን ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች። መብራት ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ዝም አለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ከዚያም ወዲህ ቢሆን ምድራችን ገና አላረፈችም።

ከስምምነቱ አንድ ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2016 ዓ.ም.፣ በትግራይ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ ለቤተሰቦች መርዶ ተነገረ። በአንድ ጊዜ፣ በየከተማውና በየገጠሩ፣ ድንኳን ተተከለ። ያን ሰሞን ዜናውን ስሰማ ልቤ በሁለት ተከፈለ። በእኛ ከተማ ላይ የደረሰውን አልረሳሁም። ነገር ግን ደረቷን የምትመታዋን እናት ሳስብ በእኛ ሰፈር ደረቷን ከመታችው እናት የምትለይበት ነገር አልታየኝም። ሁለቱም የልጃቸውን ሬሳ አላገኙም። የሁለቱም ልጆች ምናልባት በአንድ ሸንተረር ላይ፣ በአንድ አፈር ውስጥ ይሆናሉ። ተፋልመው የወደቁትን አፈሩ አንድ አድርጎአቸዋል። እኛ ቀሪዎቹ ግን በስማቸው ገና እንፋለማለን።

የሪጽፋ ማቅ

ወደ ቅዱስ ቃሉ እንምጣ። በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 21 ላይ ሪጽፋ የምትባል ሴት ታሪክ አለ። ብዙ ጊዜ አንሰብክበትም፤ ከባድ ምዕራፍ ነውና። የሳኦል ቁባት ነበረች። በሳኦል በደል ምክንያት ሁለት ልጆችዋ ከሌሎች አምስት ጋር ተገድለው በተራራ ላይ ተሰቀሉ፤ አልተቀበሩም። ይህች ሴት ማቅ ወስዳ በዓለት ላይ ዘረጋች። ከመከር መጀመሪያ አንስቶ ዝናብ እስኪዘንብ ድረስ ከዚያ አልተነሣችም፤ ቀን አሞራውን፣ ሌሊት አውሬውን ስትከላከል ከረመች።

ሦስት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ሪጽፋ ልጆችዋን ማስነሣት አልቻለችም፤ ፍርዱን ማስለወጥ አልቻለችም፤ መቅበርም አልቻለችም። የቻለችው አንድ ነገር መቆየት ብቻ ነበር። ሁለተኛ፣ ከሰባቱ ሬሳዎች የእሷ ልጆች ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ቃሉ ግን አሞራ በሁለቱ ላይ ብቻ እንዳይቀመጥ ከለከለች አይልም። የሰውንም ልጆች ጠበቀች። ሦስተኛ፣ ወሬው ለዳዊት ደረሰ። ንጉሡም የሳኦልንና የዮናታንን አጥንት ከሩቅ አስመጥቶ ከተሰቀሉት አጥንት ጋር ሰብስቦ በቤተሰባቸው መቃብር እንዲቀበር አደረገ። እግዚአብሔርም ስለ ምድሪቱ የተለመነውን የሰማው ከዚያ በኋላ መሆኑን ጸሐፊው ይነግረናል። የአንዲት ሴት ዝምታ ቤተ መንግሥትን አነቃነቀ፤ አገሪቱም ከሙታኗ ጋር ስትታረቅ ዝናብ አገኘች።

ስለ ሙሴም አንድ ቃል ልጨምር። እግዚአብሔር ፊት ለፊት የተነጋገረው ያ ነቢይ መቃብሩ አይታወቅም። የዘዳግም መጽሐፍ መጨረሻ ይህን በግልጽ ይናገራል። እንግዲህ መቃብር አለመታወቅ የመረሳት ምልክት አይደለም፤ የመተውም ምልክት አይደለም። ሙሴን የቀበረው ጌታ ራሱ ነው። ለእህታችን ይህን ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ሲፈታ አየሁ።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

እዚህ ላይ ስለራሳችን በግልጽ መነጋገር አለብን። እኛ ወንጌላውያን ለሙታን አንጸልይም፤ ፍታትና ተዝካር የለንም። ሰው ሲሞት በእግዚአብሔር እጅ መሆኑን እናምናለንና። ይህ እምነታችን ነው፤ አላፍርበትም። ነገር ግን ተዝካሩን ስንተው አብረን የተውነው ነገር እንዳለ ማመን አለብኝ። ጎረቤቶቻችን በ40 ቀን ይሰበሰባሉ፣ በዓመቱ ይሰበሰባሉ፣ የሟቹን ስም ይጠራሉ፣ ሐዘንተኛውን ከቤቱ ያወጡታል። እኛ ግን በሦስተኛው ቀን መዝሙር ዘምረን፣ “በርቱ” ብለን እንበተናለን። ከዚያ በኋላ ስሙን የሚያነሣ አይገኝም። ስሙን ብናነሣ የምናሳዝናቸው ይመስለናል። ልጇን ያጣች እናት ግን እሱን የረሳችበት ቀን የለም፤ የሚከብዳት እኛ የረሳን ሲመስላት ነው።

ደግሞ እኛ ይህን ከማንም በላይ ልንረዳ ይገባን ነበር። በብዙ ስፍራ ወላጆቻችን ለወንጌል አማኝ የመቃብር ቦታ እስኪገኝ ድረስ ሬሳ ይዘው የተቸገሩበት ጊዜ ነበር። ማረፊያ ማጣትን ቤታችን ያውቀዋል።

መጽሐፍ ቅዱስ ለማስታወስ የሚሆን መንገድ አላሳጣንም። ኢያሱ ዮርዳኖስን ሲሻገር 12 ድንጋዮች ከወንዙ መካከል እንዲወጡ አደረገ። ልጆች በኋላ ዘመን “ይህ ምንድን ነው?” ብለው እንዲጠይቁ፣ አባቶችም እንዲመልሱ ነው። ድንጋዩ አይጸለይለትም፣ አይሰገድለትም። ጥያቄ ያስነሣል፣ መልስም ያስገኛል። የሚያስፈልገን እንዲህ ያለ ድንጋይ ነው።

ስለዚህ ከወጣቶች ክፍል ጋር ተነጋግረን አንድ ወፍራም ደብተር ገዛን። ለእያንዳንዱ ያልተመለሰ ሰው አንድ ገጽ ይሰጠዋል። በገጹ ላይ የሚጻፈው ይህ ነው፤ ሙሉ ስሙ እስከ አያት፣ የእናቱ ስም፣ የተወለደበት መንደር፣ ስንት ዓመቱ እንደነበር፣ ምን ይወድ እንደነበር፣ ከቤት የወጣበት ቀን፣ ሲወጣ የተናገረው ነገር፣ መርዶውን ያመጣው ማን እንደሆነ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው የት እንደሆነ። የማይጻፍ ነገርም አለ፤ ከየትኛው ወገን እንደተሰለፈ አንጽፍም። ማኅበርተኛ መሆን አለመሆኑንም አንጠይቅም። ጎረቤታችን ኦርቶዶክስ ከሆነ የእሱም ልጅ ገጽ አለው፤ ፈቃዱ ከሆነ። ሪጽፋ ሰባቱንም ነው የጠበቀችው።

የአያቶቻችሁንም ጠይቁ። በማይጨው፣ በደርግ ዘመን በነበረው ጦርነት፣ በባድመ የቀረ ሰው በቤታችሁ ካለ ስሙን የሚያውቁት አንድ ወይም ሁለት አረጋውያን ብቻ ናቸው። እነሱ ሲያልፉ ስሙም ያልፋል። በ1928 መዝገቡ የሰው ልብ ነበር ብያችኋለሁ፤ ዛሬ እናንተ ማንበብና መጻፍ ትችላላችሁ፤ ምክንያት የላችሁም።

የመጨረሻ ስፍራው ጭራሽ ያልታወቀ ሰው ያላችሁ ደግሞ ወደ ቀይ መስቀል ሂዱ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ኢጣሊያ ከመውረሯ ሦስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነው። በጦርነት የተለያዩ ቤተሰቦችን ማፈላለግ ከሥራዎቹ አንዱ ነው። መልስ ይገኛል ብዬ ቃል አልገባላችሁም። መጠየቅ ግን ከመቆየት አንዱ ነው።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከትንሣኤ በዓል ቀጥሎ ባለው እሑድ፣ ደብተሩ ተከፍቶ ስሞቹ ይነበባሉ። የምንጸልየው ለሙታኑ አይደለም፤ ለእናቶቻቸው፣ ለወንድሞቻቸው፣ ገና መሣሪያ ለተሸከሙት ልጆች ነው። ያን ቀን የመረጥነው በምክንያት ነው። ጌታ የተቀበረበት መቃብር ይታወቅ ነበር፤ ሴቶቹ ሽቱ ይዘው የሚሄዱበትን ያውቁ ነበር። የምሥራቹ ግን መቃብሩ ባዶ መሆኑ ነው። በዚያ ቀን የሚጠራን ጌታ በየት እንደተኛን አይጠይቀንም፤ በስማችን ይጠራናል።

የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ የጻፈችው ያቺ እህታችን ናት። በቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ለብዙ ጊዜ ስትጽፍ ቆየች። “ምን ይወድ ነበር?” ከሚለው ፊት ለፊት የጻፈችውን በፈቃዷ ልንገራችሁ፤ “ዳቦ ሲጋገር ቅርፊቱን ቀድሞ መውሰድ።” ከዚያ ብዕሩን አስቀምጣ “ጋሼ፣ ቀጥሎ ማን ይጻፍ?” አለችኝ። ሁለተኛው ገጽ እስካሁን ባዶ ነው። የማን እንደሚሆን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።